የምሥጢር ዕድሜ፦ የቪዲዮ ጨዋታዎችን ለገበያ ከመቅረባቸው በፊት ከስርቆትና ከመሾለክ መጠበቅ

መግቢያ

አንድ ትልቅ የቪዲዮ ጨዋታ ተሠርቶ እስኪያልቅ ብዙ ጊዜ አራትና አምስት ዓመት፣ አንዳንዴም ከዚያ በላይ ይወስዳል። በእነዚህ ዓመታት ያልተጠናቀቀው ሥራ በፕሮግራም ጸሐፊዎች፣ በሠዓልያን፣ በድምፅ ተዋንያን፣ በተርጓሚዎች፣ በሙከራ ሠራተኞች፣ ዲስክ በሚያባዙ ፋብሪካዎችና በቸርቻሪዎች እጅ ያልፋል። ምሥጢሩን የሚጋሩት ሰዎች በመቶዎች፣ አልፎ አልፎም በሺዎች ይቆጠራሉ። ይህን ያህል ሰው የሚነካውን ሥራ ሙሉ በሙሉ መሸሸግ የማይቻል በመሆኑ፣ ጥበቃው ከሁሉ አስቀድሞ ምርጫን ይጠይቃል።

ይህ አጭር ጽሑፍ ከ2003 እስከ 2023 የተከሰቱ የታወቁ ጉዳዮችን በመመርመር ምርጫው በምን መሠረት ሊደረግ እንደሚገባ ያብራራል። የጽሑፉ ዋና ሐሳብ፣ ለአንድ መረጃ የሚደረገው ጥበቃ መመዘን ያለበት መረጃው ምሥጢር ሆኖ መቆየት በሚኖርበት ዕድሜ ልክ ነው የሚል ነው። ዓመታቱ ሁሉ በጎርጎርዮሳውያን አቆጣጠር የተጻፉ ናቸው።

የሚሰረቀው ምንድን ነው?

በጨዋታ ስቱዲዮ ሰርቨሮች ላይ ቢያንስ ሦስት ዓይነት መረጃ አንድ ላይ ይገኛል። የመጀመሪያው የጨዋታው ይዘት ነው፤ ታሪኩ፣ ምስሎቹና የማስተዋወቂያ ቪዲዮዎቹ በዚህ ይጠቃለላሉ። የዚህ ምሥጢርነት ጨዋታው ለሽያጭ በሚቀርብበት ዕለት ያበቃል። ሁለተኛው የምንጭ ኮድ ነው። ኮዱ ጨዋታው ከተሸጠም በኋላ ለዓመታት ዋጋውን አያጣም፤ በመረብ ላይ በሚደረጉ ውድድሮች ለሚያጭበረብሩ ሰዎች መንገድ ያሳያል፣ ተከታዮቹ ጨዋታዎች የሚገነቡበትንም መሠረት ያጋልጣል። ሦስተኛው የሠራተኞች የግል መረጃ ነው። የፓስፖርት ቅጂ፣ የቅጥር ውልና የሕክምና ወረቀት ከየትኛውም የሽያጭ ቀን ጋር ግንኙነት የላቸውም። ሰውየው በሕይወት እስካለ ድረስ፣ ከስቱዲዮው ከለቀቀም በኋላ ጭምር፣ ሊጎዱት ይችላሉ።

በተለምዶ ከፍተኛው ትኩረት የሚሰጠው ለመጀመሪያው ዓይነት ነው፤ በገበያ ላይ ወዲያውኑ የሚታየው ጉዳት እርሱ ነውና። በዕድሜ ሲለካ ግን ቅደም ተከተሉ ይገለበጣል።

የመግቢያ በሮች

ቫልቭ የተሰኘው የአሜሪካ ኩባንያ «ሃፍ ላይፍ 2» የተባለውን ጨዋታ ለሴፕቴምበር 30 ቀን 2003 ቀጥሮ ነበር። በኦክቶበር መጀመሪያ ላይ የጨዋታው የምንጭ ኮድ በኢንተርኔት ተሰራጨ። የኩባንያው መሪ ጌብ ኒውዌል ኢሜይሉ በሌላ ሰው ይነበብ እንደነበረና የኪቦርድ ምቶችን የሚመዘግብ ሶፍትዌር በኩባንያው ኮምፒዩተሮች ላይ መገኘቱን በይፋ አስታውቆ፣ የተጫዋቾችን እርዳታ ጠየቀ። ሰርጎ ገቡ በጀርመን የሚኖር ወጣት ሲሆን በ2004 ተይዞ በኋላ የገደብ ቅጣት ተወሰነበት። ጨዋታው የወጣው በኖቬምበር 16 ቀን 2004 ነው። የመዘግየቱ ምክንያት ግን ስርቆቱ ብቻ አልነበረም። የተሰረቀው ኮድ ራሱ ሥራው በተባለው ቀን ሊደርስ እንደማይችል አጋልጧል።

ከ18 ዓመት ገደማ በኋላ፣ በጁን 2021፣ ኤሌክትሮኒክ አርትስ ላይ የደረሰው ስርቆት ሌላ ዓይነት በር ያሳያል። ሰርጎ ገቦቹ ለጋዜጠኞች እንደተናገሩት፣ በ10 ዶላር የተሰረቀ ኩኪ ገዝተው የኩባንያው ሠራተኞች መልእክት ወደሚለዋወጡበት ስላክ ገቡ፤ ከዚያም ለቴክኒክ ድጋፍ ክፍል «ስልኬ ጠፋብኝ» ብለው የመግቢያ ኮድ ተቀበሉ። 780 ጊጋባይት መውሰዳቸውንም ተናግረዋል፤ የ«ፊፋ 21» የምንጭ ኮድ በውስጡ ነበር። ኩኪ አንድ ተጠቃሚ የይለፍ ቃሉንና ሁለተኛውን ማረጋገጫ ካስገባ በኋላ በየገጹ ዳግመኛ እንዳይጠየቅ የሚያደርግ ትንሽ ፋይል ነው። እርሱን የያዘ ሰው የይለፍ ቃሉን ማወቅ አያስፈልገውም፤ በሩን ያለፈ ሰው መስሎ ይቆጠራል።

በሴፕቴምበር 2022 ከሮክስታር ጌምስ ተሰርቀው የወጡት የ«ግራንድ ቴፍት አውቶ 6» ቪዲዮዎች ወደ 90 ይደርሱ ነበር። በእንግሊዝ ፍርድ ቤት እንደተሰማው፣ ድርጊቱን የፈጸመው ወጣት በዚያን ጊዜ በዋስ ተለቅቆ በሆቴል ክፍል በጥበቃ ሥር ነበር። ላፕቶፑ ተወስዶበት ስለነበር የተጠቀመው በክፍሉ ቴሌቪዥን፣ በአማዞን ፋየር ስቲክና በሞባይል ስልክ ነው። ኩባንያው ከጉዳቱ ለማገገም 5 ሚሊዮን ዶላርና በሺዎች የሚቆጠሩ የሥራ ሰዓታት እንዳወጣ ለፍርድ ቤቱ ገልጿል። ከዚህ ጉዳይ የምንማረው የአጥቂው መሣሪያ ምን ያህል ተራ ሊሆን እንደሚችል ነው፤ ወሳኙ ነገር የተገኘው የመግቢያ ፈቃድ የሚከፍተው ስፋት ነው።

አራተኛው በር ከኮምፒዩተር መረብ ውጭ ነው። የኒንቴንዶ «ዘ ሌጀንድ ኦቭ ዜልዳ፦ ቲርስ ኦቭ ዘ ኪንግደም» ለሜይ 12 ቀን 2023 ታቅዶ ሳለ፣ ሙሉ ጨዋታው ከዚያ ቀደም ብሎ በኢንተርኔት ተሰራጨ። ኒንቴንዶ በ2024 ባቀረበው ክስ፣ ከሽያጩ ቀን በፊት ጨዋታው ከአንድ ሚሊዮን ጊዜ በላይ በሕገ ወጥ መንገድ መውረዱን ገልጿል። ለሱቆች አስቀድሞ የሚላከው ካርትሪጅ ሙሉውን ጨዋታ የያዘ በመሆኑ፣ አንድ ቅጂ ብቻ ከመጋዘን ቢወጣ ለዓለም ሁሉ ይበቃል።

የመከላከያ ስልቶች

ለመጀመሪያው የመረጃ ዓይነት፣ ማለትም ዕድሜው አጭር ለሆነው ይዘት፣ ሁነኛው ስልት ቁልፉን ከሣጥኑ መለየት ነው። ቫልቭ ከስርቆቱ በኋላ «ሃፍ ላይፍ 2»ን በስቲም በኩል ሲያሰራጭ ይህን ዘዴ ተጠቅሟል። ገዢዎች የተመሰጠሩትን ፋይሎች ከሽያጩ ቀን ቀደም ብለው በኮምፒዩተራቸው ላይ አስቀመጡ፤ የመፍቻው ቁልፍ ግን የተለቀቀው በዕለቱ ነው። ፋይሉ በሁሉም እጅ ቢኖርም ቁልፉ ከኩባንያው አልወጣም። ስለዚህ የሚጠበቀው ነገር ከብዙ ጊጋባይት ወደ ጥቂት ቁምፊዎች ዝቅ አለ።

ሁለተኛው ስልት ለእያንዳንዱ የሙከራ ቅጂ የማይታይ መለያ ምልክት መስጠት ነው። ለአንዱ ሞካሪ የሚታየው የግድግዳ ቀለም ወይም የፊደል አቀማመጥ ለሌላው ከሚታየው በጥቂቱ እንዲለይ ይደረጋል። ቪዲዮው ቢሾልክ ምልክቱ ቅጂው የማን እንደነበረ ይናገራል። የዚህ ዘዴ ደካማ ጎን መመሳጠር ነው፤ ብዙ ሞካሪዎች ቅጂዎቻቸውን ቢያነጻጽሩ ልዩነቶቹን ለይተው ሊያጠፉ ይችላሉ። የሒሳብ ተመራማሪዎች ይህን ችግር በሚገባ መርምረውታል። ጋቦር ታርዶሽ በ2003 ያቀረበው ኮድ ተባባሪዎቹ ቢመሳጠሩም ቢያንስ አንዱን በከፍተኛ ዕድል ለመለየት ያስችላል፤ ሆኖም የኮዱ ርዝመት ከተባባሪዎቹ ቁጥር ካሬ ጋር ያድጋል። ከ5 ይልቅ የ10 ሰዎችን ሴራ መቋቋም የሚሻ ስቱዲዮ አራት እጥፍ የሚረዝም ምልክት በቪዲዮው ውስጥ መደበቅ ይኖርበታል ማለት ነው። አጭር ቅንጭብ ይህን ያህል ምልክት ላይሸከም ይችላል።

ለምንጭ ኮድ የሚስማማው ስልት የፈቃድ ልክነት ነው። እያንዳንዱ ሠራተኛ ለዕለት ሥራው የሚያስፈልገውን ክፍል ብቻ ቢያይ፣ የአንድ ሰው መለያ ሲሰረቅ የሚከፈተው በር ጠባብ ይሆናል። ከዚህ ጋር መግቢያው ራሱ መጠናከር አለበት። በአጭር የጽሑፍ መልእክት የሚላክ ኮድ በማታለል ሊወሰድ ይችላል። በአንጻሩ በእጅ የሚያዝ የደኅንነት ቁልፍ ምላሹን ከትክክለኛው ድረ ገጽ አድራሻ ጋር ስለሚያስተሳስር በሐሰተኛ ገጽ አይሠራም። ይህም ቢሆን ከገቡ በኋላ የሚሰረቀውን ኩኪ አይከላከልም። ስለሆነም የኩኪውን ዕድሜ ማሳጠር፣ ከአንድ መሣሪያ ጋር ማቆራኘትና ኮድ በብዛት ሲወርድ ዳግመኛ ማረጋገጫ መጠየቅ ያስፈልጋል። የቴክኒክ ድጋፍ ክፍሉም ስልክ ጠፋብኝ የሚልን ሰው በሌላ መንገድ፣ ለምሳሌ በቅርብ አለቃው በኩል፣ ሳያረጋግጥ ኮድ መስጠት አይገባውም።

ሦስተኛው ዓይነት መረጃ፣ የሠራተኞች የግል ማኅደር፣ ከሁሉ የተለየ አያያዝ ይሻል። በዲሴምበር 2023 ሪሲዳ የተባለ ቤዛ ጠያቂ ቡድን ኢንሶምኒያክ ጌምስን ዘርፎ 50 ቢትኮይን፣ በወቅቱ ምንዛሪ ወደ 2 ሚሊዮን ዶላር፣ ጠየቀ። የሰጠው ቀነ ገደብ ሲያልፍ ከ1.3 ሚሊዮን በላይ ፋይሎችን፣ በመጠን 1.67 ቴራባይት፣ ይፋ አደረገ። ብዙዎች ያተኮሩት በ«ማርቭልስ ዎልቨሪን» ጨዋታ ምስሎች ላይ ነበር። በፋይሎቹ መካከል ግን የሠራተኞች ፓስፖርት ቅጂዎች ነበሩ፤ ስቱዲዮውም የአሁንና የቀድሞ ሠራተኞቹ የግል መረጃ መሰረቁን አረጋግጧል። ዎልቨሪን በሽያጩ ዕለት ለሁሉም ይታያል። የፓስፖርቱ ባለቤት ግን የትውልድ ቀኑን ሊቀይር አይችልም።

ለእንዲህ ያለው መረጃ የመጀመሪያው ጥበቃ አለማከማቸት ነው። የፓስፖርት ቅጂው የተጠየቀበት ጉዳይ ሲያበቃ፣ ሕግ እስከፈቀደ ድረስ፣ መሰረዝ ይኖርበታል። ሊቀመጥ የግድ የሆነውም የጨዋታው ፋይሎች ከሚገኙበት ሥርዓት ተለይቶ፣ በሌላ ቁልፍና በሌላ ኃላፊ ሥር መሆን አለበት። መጠባበቂያ ቅጂ በዚህ ረገድ አያድንም። በፌብሩዋሪ 2021 የተጠቃው የፖላንዱ ሲዲ ፕሮጄክት ቤዛ አልከፍልም ብሎ መረጃውን ከመጠባበቂያ ቅጂዎቹ ለመመለስ ችሏል፤ በዚያው ዓመት ጁን ወር ግን የተሰረቀው መረጃ በኢንተርኔት እየተዘዋወረ መሆኑን አስታውቋል። መጠባበቂያ የጠፋውን ይመልሳል፤ የተገለጠውን አይሸሽግም። «ካፍ ከወጣ አፋፍ» እንደሚባለው ነው።

የጥበቃ ዋጋና ገደብ

እያንዳንዱ ስልት ዋጋ አለው። ፈቃድ እጅግ ሲጠብ የሥራ ባልደረቦች አንዱ የሌላውን ሥራ ማየት ይሳናቸዋል፤ ስሕተትም ዘግይቶ ይገኛል። ተደጋጋሚ ማረጋገጫ የሰለቸው ሠራተኛ ፋይሉን ወደ ግል ኢሜይሉ ሊልክ ይችላል፤ ያን ጊዜ ጥበቃው ራሱ አዲስ በር ከፈተ ማለት ነው። ዲስኩ ያለ ኢንተርኔት እንዳይሠራ ማድረግ ቀድሞ መሾለክን ቢቀንስም፣ የኢንተርኔት አገልግሎት ደካማ በሆነበት የሚኖረውን ገዢ ይጎዳል፤ ሰርቨሩ ከተዘጋ በኋላም ጨዋታውን ለትውልድ ጠብቆ ማቆየትን ያሰናክላል። መለያ ምልክትም ጥፋት የሌለበትን ሰው ሊያስወነጅል ይችላል፤ ቅጂው ከሞካሪው ተሰርቆ ሊሆን ይችላልና። ስለዚህ ምልክቱ ምርመራ የሚጀመርበት እንጂ ፍርድ የሚሰጥበት ማስረጃ አይደለም።

የመረጃን ዕድሜ ማወቅ ከመሾለክ በኋላ ለሚሰጠው ምላሽም ይጠቅማል። የ«ግራንድ ቴፍት አውቶ 6» የመጀመሪያው ማስተዋወቂያ ቪዲዮ ለዲሴምበር 5 ቀን 2023 ተቀጥሮ ሳለ በዋዜማው ሾለከ። ሮክስታር የሾለከውን ከማሳደድ ይልቅ ጥራቱ የተጠበቀውን ቪዲዮ ወዲያውኑ ራሱ አወጣ። የምሥጢሩ ዕድሜ ሊያበቃ የቀረው ከአንድ ቀን በታች ስለነበር ውሳኔው ተገቢ ነበር። ለምንጭ ኮድ እንዲህ ያለ ምላሽ የለም፤ በውስጡ የተጻፉትን ቁልፎች ሁሉ መቀየርና የተጋለጡትን ደካማ ጎኖች መድፈን ይጠይቃል። የሠራተኞች መረጃ ሲወጣ ደግሞ ቀዳሚው ግዴታ ለባለቤቶቹ ሳይዘገዩ ማሳወቅ ነው።

መደምደሚያ

ከላይ የተመለከትናቸው ጉዳዮች ስርቆት የሚገባበት በር ብዙ መሆኑን ያሳያሉ፤ ኢሜይል፣ ኩኪ፣ የስልክ ጥሪ፣ የመጋዘን ሣጥን። ሁሉንም በር ለዘለዓለም መዝጋት አይቻልም። የሚቻለው አንዱ በር ሲከፈት የሚወጣው ጥቂት እንዲሆን፣ የወጣበት መንገድ እንዲታወቅና ረጅም ዕድሜ ያለው መረጃ ከአጭሩ ጋር አብሮ እንዳይወጣ ማድረግ ነው። በዚህ መስክ ምርምር ለማካሄድ የሚሹ ተማሪዎች ሁለት ክፍት ጥያቄዎች ይጠብቋቸዋል፦ አጭር ቪዲዮ ሊሸከመው የሚችል፣ መመሳጠርን የሚቋቋም ምልክት እንዴት ይሠራል? የፈቃድ ልክነት የሥራ ቅልጥፍናን የሚቀንሰውስ በምን ያህል ነው? ሁለቱም ከጨዋታ ኢንዱስትሪ አልፈው፣ ያልታተመ ሥራና የሰዎች ማኅደር በአንድ ሰርቨር ላይ ለሚገኙበት ተቋም ሁሉ የሚበጁ ናቸው።