ተሳቢ ቤትና መንገድ፦ የኤርስትሪም ታሪክ ከሲራራ ነጋዴው ታሪክ አንጻር



የዛሬው ንግግሬ ኤርስትሪም የተባለውን የአሜሪካ ተሳቢ ቤት ታሪክ ይመለከታል። በአገራችን ተሳቢ ሲባል ቀድሞ የሚታወሰው ከከባድ መኪና ኋላ የሚቀጠለው ጭነት ተሸካሚ ነው። እኔ የምናገርለት ግን በቤት መኪና የሚሳብ፣ መኝታ፣ ምድጃና የውኃ ማጠራቀሚያ ያለው የጉዞ ቤት ነው። ይህን ታሪክ የመረጥሁት አንድ ጥያቄ ለማንሣት ነው፤ ሰውን ካሰበበት የሚያደርሰው ተሽከርካሪው ነው ወይስ መንገዱ?

መሥራቹ ዋሊ ባያም እ.ኤ.አ. በ1896 በኦሪገን ግዛት ተወለደ። በ1920ዎቹ መጨረሻ በሎስ አንጀለስ ተሳቢ ቤቶችን መሥራት ጀመረ፤ በ1931 ደግሞ ኤርስትሪምን አቋቋመ። ይሁን እንጂ ዛሬ የምናውቀው ብርማ ቅርፅ የእርሱ ብቻ ፈጠራ አይደለም። ቻርለስ ሊንድበርግ አትላንቲክን ያቋረጠበትን አውሮፕላን ግንባታ የመራው ሆሊ ባውለስ በ1934 ሮድ ቺፍ የተባለ የአሉሚኒየም ተሳቢ ሠርቶ ነበር። የባውለስ ድርጅት አልዘለቀም፤ ባያም ግን ንድፉን አሻሽሎ በ1936 ክሊፐር በሚል ስም ለገበያ አቀረበው። ዋጋው 1,200 ዶላር ነበር፤ ለዘመኑ ከባድ ገንዘብ ነው።

የአሠራሩ ምስጢር ከአውሮፕላን የተወረሰ ነው። የአሉሚኒየሙ ቆርቆሮ በብሎን ሳይሆን በሪቬት ተያይዞ፣ ከውስጥ አጽሙ ጋር ሆኖ ሸክሙን ራሱ ይጋራል። አሉሚኒየም በክብደት የብረትን ሲሶ ያህል በመሆኑ ቤቱ ይቀላል፤ ማዕዘን አልባ ቅርፁም የነፋሱን ግፊት ስለሚቀንስ የሚጎትተው መኪና ነዳጅ ይቆጥባል። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ አሉሚኒየም ለጦር አውሮፕላን ሲውል ፋብሪካው ተዘጋ። ከጦርነቱ በኋላ ሥራው ቀጥሎ በ1952 በኦሃዮ ግዛት ጃክሰን ሴንተር ሁለተኛ ፋብሪካ ተከፈተ።

ባያም ምርቱን ያስተዋወቀው ደንበኞቹን በቅፍለት አሰልፎ ሩቅ አገር በመጓዝ ነው። ከእነዚህ ጉዞዎች ታላቁ እኛንም ይነካል። በ1959 41 ተሳቢዎች ከኬፕታውን ተነሥተው፣ በጭቃና በአሸዋ እየተፈተኑ አፍሪካን ከደቡብ ወደ ሰሜን አቋርጠው፣ በ1960 ካይሮ ደረሱ። በጉዞው ኢትዮጵያን አልፈዋል፤ በአዲስ አበባም ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ተቀብለዋቸዋል። የንጉሠ ነገሥቱ መንግሥት አውራ ጎዳና ባለሥልጣን ከተቋቋመ ገና አሥር ዓመት አልሞላውም ነበር። በአሜሪካ ለስላሳ አስፋልት የተፀነሰ ቤት ጥንካሬው የተለካው አስፋልት ባልደረሰበት ምድር ነው።

ቤትን ይዞ መጓዝ ግን ለእኛ እንግዳ ነገር አይደለም። «ከተማ» የሚለው ቃል የወጣው «ከተመ»፣ ማለትም ሰፈረ፣ ከሚለው ግስ ነው፤ ነገሥታቱም ለረጅም ዘመን በድንኳን ከስፍራ ስፍራ እየተዘዋወሩ ገዝተዋል። በ19ኛው መቶ ዘመን የጎጃም ባሶ ገበያ ከዓባይ ማዶ የሚመጣውን ቡናና ወርቅ፣ በአሳዛኝ ሁኔታም ባሪያዎችን፣ ተቀብሎ ወደ ሰሜን ያስተላልፍ ነበር። ሲራራ ነጋዴው በነጋድራስ እየተመራ፣ ስንቁን በአጋሰስ ጭኖ፣ በየሰፈሩ ድንኳኑን ተክሎ ያድራል። ክረምት ገብቶ ዓባይ ሲሞላ ግን ጉዞው ይቋረጣል። በቅሎዋ ብትጠነክርም ወንዙን አታሸንፈውም።

ለዚህ ቅርብ ምስክር የሚሆነን ከሞጣ በስተሰሜን ያለው ሰባራ ድልድይ ነው። በ17ኛው መቶ ዘመን የተሠራው ይህ የድንጋይ ድልድይ በጣሊያን ወረራ ጊዜ መካከሉ ከተሰበረ በኋላ፣ ሰዎች ክፍተቱን በገመድ እየተሳቡ ሲሻገሩበት ኖረዋል። ይህን የሚያሳይ ፎቶግራፍ በናሽናል ጂኦግራፊክ መጽሔት መታየቱ ለእግረኛ ድልድይ የሚሠራ አንድ በጎ አድራጎት ድርጅት እንዲመሠረት ምክንያት ሆኗል።

ስለዚህ ለጥያቄዬ የምሰጠው መልስ ይህ ነው። ኤርስትሪም ድንቅ የምህንድስና ሥራ ነው፤ ነገር ግን የተስፋፋው የአሜሪካ ሕዝብ አስቀድሞ በሠራው መንገድ ላይ ነው። ለሮብ ገበያ፣ ስሙ ራሱ የገበያ ቀኑን ለሚናገረው ስፍራ፣ የአንድ ሳምንት ገበያ መሙላትና መጉደል የሚወሰነው በክረምት በሚያሻግር ድልድይና በማይቆረጥ መንገድ ነው። የቴክኖሎጂን ታሪክ ስታጠኑ ከሚያብረቀርቀው ዕቃ በታች ያለውን መንገድ፣ ከታወቀው ስም ኋላም እንደ ባውለስ ያለውን የተረሳ እጅ እንድትመረምሩ አደራ እላለሁ።