ከዜሮ በታች ያለ ቮልት፦ የድሮ የሚዲ ካርድ ከኮምፒዩተር ውጭ ኃይል የሚያገኘው እንዴት ነው?



በሠርግ ቤት አንድ ሰው ብቻውን ኪቦርድ ይዞ ከበሮውንም፣ ቤዙንም፣ ዋሽንቱንም ሲያሰማ ብዙዎቻችሁ አይታችኋል። በኪቦርዱ ውስጥ ዋሽንት የለም። ያለው የዋሽንት ድምፅ ተቀርጾ የተቀመጠበት ሜሞሪ ነው። ጣት ቁልፉን ሲነካ ወደ ውስጥ የሚሄደውም ድምፅ ሳይሆን ትእዛዝ ነው፤ «ይህን ኖታ በዚህ ኃይል አሰማ» የሚል። ትእዛዙ ከአንዱ መሣሪያ ወደ ሌላው የሚተላለፍበት የጋራ ቋንቋ ሚዲ ይባላል። የጃፓንና የአሜሪካ የሙዚቃ መሣሪያ አምራቾች ተስማምተው በ1983 እ.ኤ.አ. ያወጡት ነው። ፍጥነቱ በሴኮንድ 31,250 ቢት ነው። አንድ ባይት ከመነሻና ከመጨረሻ ምልክቱ ጋር 10 ቢት ይወስዳል፣ አንድ ኖታ ለማስጀመር ደግሞ 3 ባይት ይበቃል። ስታሰሉት በሴኮንድ ከ1,000 በላይ ኖታ ይሆናል፤ ለማንኛውም ዘፈን የሚበቃ ነው።

ይህ ነገር በ1990ዎቹ ለኮምፒዩተር ትልቅ ጥቅም ሰጥቷል። አንድ ደቂቃ ሙዚቃ በሲዲ ጥራት ቢቀመጥ 10 ሜጋባይት ያህል ቦታ ይይዝ ነበር፤ ለዚያ ዘመን ዲስክ ይህ ከባድ ሸክም ነበር። በሚዲ ግን አንድ ሙሉ ዘፈን በጥቂት አሥር ኪሎባይት ያልቃል። ስለዚህ የሲንጋፖሩ ክሪኤቲቭ ኩባንያ በ1992 ሳውንድ ብላስተር 16 የተባለውን የድምፅ ካርድ ሲያወጣ፣ በላዩ 26 እግር ያለው መሰኪያ አደረገበት። በመሰኪያው ላይ ዌቭ ብላስተር የተባለ ትንሽ ካርድ ይቀመጣል፤ የመሣሪያዎቹ ድምፅ ያለው በእርሱ ውስጥ ነው። ሮላንድና ያማሃም ለዚሁ መሰኪያ የሚሆኑ ካርዶች ሠርተዋል። ትልቁ ካርድ እንደ እናት አዝሎት ስለሚኖር እኛም ትንሹን «ልጅ ካርድ» እንበለው።

የዛሬ ኮምፒዩተሮች እናትዮዋን ካርድ የሚቀበል ቦታ የላቸውም። የድሮ ኮምፒዩተር የሚወዱ ሰዎች ግን በአውሮፓ፣ በአሜሪካና በጃፓን ልጅ ካርዶቹን አሁንም ይፈልጓቸዋል። እናት ሳትኖር በአዳፕተር ሰሌዳ ላይ ሰክተው ያሠሯቸዋል። የሚዲውን ሽቦና የድምፁን ሽቦ ማገናኘት ቀላል ነው። ካርድ የሚቃጠለው ወይም ሳይበላሽ ተበላሸ ተብሎ የሚጣለው በኃይሉ ነገር ነው።

26ቱ እግሮች በሁለት ረድፍ ቆመዋል። የጎዶሎ ቁጥሩ ረድፍ ከሞላ ጎደል ግራውንድ ነው፣ ማለትም ዜሮ ቮልት። በሙሉ ቁጥሩ ረድፍ 4ኛው ሚዲ ይቀበላል፣ 20ኛውና 24ኛው ድምፅ ያወጣሉ፣ 26ኛው ካርዱን እንደገና ማስጀመሪያ ነው። 6ኛው፣ 10ኛውና 14ኛው 5 ቮልት ይፈልጋሉ፤ ይህ ለሜሞሪውና ለሚያስበው ክፍል ነው። 18ኛው 12 ቮልት ሲፈልግ፣ 22ኛው ደግሞ ከዜሮ በታች 12 ቮልት ይፈልጋል። እነዚህ ሁለቱ በመውጫው ላይ ላለው የድምፅ ማጉያ ናቸው።

«ከዜሮ በታች ቮልት አለ ወይ?» ብላችሁ ትጠይቁ ይሆናል። አለ፣ ምሥጢርም የለውም። አራት የባትሪ ድንጋይ በተርታ ብታገናኙ ከጫፍ እስከ ጫፍ 6 ቮልት ነው። አሁን የቴስተሩን ጥቁር ሽቦ በመካከል፣ በሁለተኛውና በሦስተኛው ድንጋይ መገናኛ ላይ አድርጉ። ቀዩን ወደ አንዱ ጫፍ ብትወስዱ 3 ይላል፤ ወደ ሌላው ብትወስዱ −3 ይላል። ድንጋዮቹ አልተለወጡም፤ የተለወጠው ዜሮ ብላችሁ የጀመራችሁበት ቦታ ነው። በአሥራ ስድስት ድንጋይ ብትሠሩት +12ና −12 ታገኛላችሁ።

ካርዱ ይህን የሚፈልገው ድምፅ መግፋትና መሳብ ስለሆነ ነው። የከበሮ ቆዳ ሲመታ ወደ ውስጥ ይገባል፣ ተመልሶ ወደ ውጭ ይወጣል። የድምፁም ኤሌክትሪክ እንዲሁ ከዜሮ በላይ ይወጣል፣ ከዜሮ በታች ይወርዳል። ማጉያው በታች በኩል ቦታ ካላገኘ የሞገዱ ግማሽ ይቆረጣል ወይም ምንም አይሰማም። 5 ቮልት ብቻ የተሰጠው የድሮ ልጅ ካርድ ትእዛዙን እየተቀበለና እያሰላ ዝም ይላል። ባለቤቱም «ሞቷል» ብሎ ያስቀምጠዋል። (በቅርብ ዓመታት በአዲስ ከተሠሩት ልጅ ካርዶች መካከል 5 ቮልት ብቻ የሚበቃቸው አሉ፤ የምንናገረው ስለ ድሮዎቹ ነው።)

ታዲያ −12 ከየት ይመጣል? የድሮው ኮምፒዩተር ፓወር ሰፕላይ በሰማያዊ ሽቦ ይሰጥ ነበር፤ ካርዱ የሚሰካበት ቦታም ያደርሰዋል። ለዲስክ የሚሄደውን አራት ሽቦ ያለውን መሰኪያ ብትመለከቱ ግን ቢጫው 12፣ ቀዩ 5፣ ሁለቱ ጥቁሮች ግራውንድ ናቸው። ሰማያዊ የለም። ብዙ ሰው ከዚያ ኃይል ቀጥሎ ለምን ድምፅ እንዳጣ ሲገረም ይቆያል።

ከኮምፒዩተር ውጭ ሁለት የተለመዱ መንገዶች አሉ። አንደኛው ከስልክ ቻርጀር 5 ቮልት ተቀብሎ +12ና −12 የሚያወጣ ትንሽ መቀየሪያ ነው። ነፃ ነገር ግን የለም። 1 ዋት የሚሰጥ መቀየሪያ በ24 ቮልት ልዩነት ላይ 42 ሚሊ አምፔር ገደማ ብቻ ያወጣል። ከመቶ 80 እጅ ውጤታማ ከሆነ ደግሞ ከቻርጀሩ 250 ሚሊ አምፔር ይወስዳል፤ ይህ ካርዱ ራሱ በ5 ቮልት ከሚፈልገው ሌላ ነው። በተጨማሪም በሴኮንድ ብዙ ሺህ ጊዜ እየበራና እየጠፋ ስለሚሠራ፣ ማጣሪያ ካልተደረገለት በሙዚቃው ውስጥ ፉጨት ያስገባል።

ሁለተኛው፣ እኔ የምመርጠው፣ ተለዋዋጭ ኤሌክትሪክ የሚያወጣ 12 ቮልት ትራንስፎርመር ነው። ተለዋዋጩ በራሱ ከዜሮ በላይና በታች ስለሚሄድ አንድ ዳዮድ የላዩን፣ ሌላ ዳዮድ የታቹን ይይዛል። የሞገዱ ጫፍ 17 ቮልት ያህል ስለሚደርስ፣ በካፓሲተር ከረጋ በኋላ 7812ና 7912 የተባሉት መቆጣጠሪያዎች ወደ +12ና −12 ያወርዱታል። ለ5 ቮልቱ 7805 ይጨመራል። 7805 ግን የተረፈውን ቮልት ወደ ሙቀት ነው የሚለውጠው። 12 ቮልት ገብቶ 5 ሲወጣ፣ በ0.3 አምፔር 1.5 ዋት ለሥራ ሲውል 2.1 ዋት በሙቀት ይጠፋል። የሙቀት ማብረጃ ብረት ካልታሰረለት ጣት ያቃጥላል።

እዚህ ላይ ወላጆችም ልብ በሉልኝ፤ ይህ ለሬዲዮና ለመብራት አዳፕተርም ይሠራል። ሁለት አዳፕተሮች በመልክ አንድ ሆነው አንዱ ተለዋዋጭ፣ ሌላው ቀጥተኛ ያወጣል። በጀርባው ካለው ጽሑፍ በ«መውጫ» በኩል የሞገድ ምልክት ካለ ተለዋዋጭ ነው። ቀጥ ያለ መስመርና ከሥሩ የተቆራረጠ መስመር ካለ ቀጥተኛ ነው። መሐሉ ፖዘቲቭ ወይም ኔጋቲቭ መሆኑን የክብ ሥዕሉ ያሳያል። ቮልቱ እኩል መሆን አለበት፤ አምፔሩ ግን ቢበልጥ አይጎዳም፣ መሣሪያው የሚፈልገውን ብቻ ይወስዳልና። እኔ ራሴ ባለ 6 ቮልት ሬዲዮ ላይ 12 ቮልት ሰክቼ ጭሱን ያየሁት «ከገባ ይሠራል» ብዬ ነው።

ወደ ካርዱ ስንመለስ፣ ገልብጦ መሰካት የሚያመጣውን በስሌት ማየት ይቻላል። መሰኪያው ሲገለበጥ እያንዳንዱ እግር ከ27 ላይ ቁጥሩ ሲቀነስ በሚገኘው ቦታ ላይ ያርፋል። 18 ወደ 9፣ 22 ወደ 5፣ 6 ወደ 21 ይሄዳሉ። ሦስቱም ግራውንድ ናቸው፤ ማለት ኃይሉ ሁሉ ከዜሮ ጋር ይጋጫል። አንድ ጥንድ ብቻ ተዛንፎ ቢሰካ ደግሞ 12 ቮልቱ በድምፅ መውጫው በ20ኛው ላይ ያርፋል። ስለዚህ አዳፕተሩን መጀመሪያ ያለ ካርድ አብሩት። የቴስተሩን ጥቁር ሽቦ ግራውንድ ላይ አድርጋችሁ 6፣ 10፣ 14፣ 18ና 22ን በተራ ለኩ። ከዚያ አጥፍታችሁ፣ ካፓሲተሮቹ እስኪያልቁ ጠብቃችሁ፣ አንደኛውን እግር በአንደኛው ላይ አድርጋችሁ ሰኩ። 22ኛው ላይ የመቀነስ ምልክቱ ካልታየ ግን ካርዱን አትንኩት።