ያልጠረጠረ ተመነጠረ፤ ነገር ግን ምኑን እንጠርጥር?
(ስለ ፍሪሜሶኖችና ስለ ዝግ ማኅበሮች)

«ያልጠረጠረ ተመነጠረ» ይላል ያገራችን ሰው። ተረቱ እውነት ነው፤ ነገር ግን ምኑን መጠርጠር እንደሚገባን አይነግረንም። ሰዎች በራቸውን ዘግተው፣ በመሐላ ተሳስረው፣ እርስ በርሳቸው «ወንድም» እየተባባሉ በሚሰበሰቡበት አገር ሁሉ ከበሩ ውጭ የቀረው ሕዝብ «እነዚህ ሰዎች ምን እየዶለቱ ይሆን?» ማለቱ አልቀረም። ይህ ጥያቄ አንዳንድ ጊዜ የሕዝብን መብት አስጠብቋል፤ አንዳንድ ጊዜ ደግሞ ምንም ያልበደሉ ሰዎችን ለእስራትና ለሞት ዳርጓል። ሁለቱን ለይቶ ለማወቅ በዓለም ላይ ከሁሉ ይልቅ የተጠረጠረውን ማኅበር፣ ይኸውም የፍሪሜሶኖችን ማኅበር ታሪክ መመልከት ይጠቅማል። በዚህ ጽሑፍ የተጠቀሱት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።

«ሜሶን» በእንግሊዝኛ ግንበኛ ማለት ነው። በጥንት ዘመን የአውሮፓን ታላላቅ ካቴድራሎች ይገነቡ የነበሩ ባለሙያዎች በማኅበር የተሳሰሩ ነበሩ፤ በስኮትላንድም ዕውነተኛው ባለሙያ ከአስመሳዩ የሚለይበት ምሥጢራዊ ቃል ነበራቸው። በ17ኛው መቶ ዓመት መዶሻ ጨብጠው የማያውቁ መኳንንትና ምሁራን ይገቡበት ጀመር፤ ቀስ በቀስም ማኅበሩ የግንበኞች መሆኑ ቀርቶ የግንበኞችን መሣሪያ ለምሳሌነት ብቻ የሚጠቀም የወንድማማች ማኅበር ሆነ። የማኅበሩ ታሪክ እንደሚለው በ1717 በለንደን አራት ሎጆች ተባብረው ታላቁን ሎጅ አቋቋሙ። (ሎጅ የሚባለው አባሎቹ የሚሰበሰቡበት ጉባኤ ነው።) በ1723 ደግሞ ጄምስ አንደርሰን የተባለ የስኮትላንድ ቄስ ያዘጋጀው ደንብ ታትሞ ወጣ። ከዚያ በኋላ ማኅበሩ በአውሮፓና በአሜሪካ ተስፋፋ። ጆርጅ ዋሽንግተን በ1752፣ ቮልቴር በ1778፣ ሞዛርት በ1784 አባል ሆነዋል።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ልብ እንበል። ደንቡ ታትሞ በገበያ የሚሸጥ፣ ሕንፃው በአደባባይ የሚታይ ማኅበር ፈጽሞ የተሰወረ ነው ሊባል አይችልም። ምሥጢር የሆኑት የመቀበያ ሥርዓቱና አባሎቹ የሚተዋወቁባቸው ምልክቶች ናቸው። ሆኖም ሰው የማያየውን ነገር በራሱ ሐሳብ መሙላት ልማዱ ስለ ሆነ የተዘጋው ትንሽ ክፍል ከቤቱ ሁሉ ይልቅ ሲነገርለት ኖረ።

የመጀመሪያው ከባድ ነቀፋ የመጣው ከሮማ ነው። ርእሰ ሊቃነ ጳጳሳት ቀሌምንጦስ 12ኛ በኤፕሪል 1738 ባወጡት ደብዳቤ ካቶሊካውያን ወደ ማኅበሩ እንዳይገቡ ከለከሉ፤ የገባውንም አወገዙ። ይህ ክልከላ በ1983 እና በ2023 እንደገና ጸንቷል። ደብዳቤው ከጠቀሳቸው ምክንያቶች መካከል የልዩ ልዩ ሃይማኖት ሰዎች ተቀላቅለው መሰብሰባቸውና ምሥጢርን በከባድ መሐላ መጠበቃቸው ይገኙበታል። ከዚህም ሌላ ክፉ ባይሠሩ ኖሮ ብርሃንን ባልጠሉ ነበር የሚል አሳብ አለበት። ይህ የመጨረሻው አሳብ እስከ ዛሬ የጥርጣሬው ሁሉ ሥር ነው። ነገር ግን ብንመረምረው ጎደሎ ነው። ንስሐ የሚነገረው በምሥጢር ነው፤ የምርጫ ድምፅ የሚሰጠው በምሥጢር ነው፤ ሐኪምም የበሽተኛውን ነገር ይሰውራል። እንግዲህ መሰወር ብቻውን የክፋት ማስረጃ አይሆንም። መጠየቅ ያለበት የተሰወረው ነገር የማን እንደ ሆነ ነው፤ የራስ ጉዳይ ነውን ወይስ የሕዝብ?

ይህን ልዩነት ከማንኛውም ታሪክ ይልቅ የሚያስረዳው በኒው ዮርክ ክፍለ ሀገር በ1826 የሆነው ነገር ነው። ባታቪያ በምትባል ትንሽ ከተማ ይኖር የነበረ ዊልያም ሞርጋን የተባለ ግንበኛ የማኅበሩን የመቀበያ ሥርዓት የሚገልጥ መጽሐፍ ሊያሳትም መሆኑ ተሰማ። የአሳታሚውን ማተሚያ ቤት ለማቃጠል ተሞከረ። ሞርጋንም ጥቂት ዶላር በማትሞላ ዕዳ ተከሶ ካናንዳይጓ በምትባል ከተማ ታሰረ። በሴፕቴምበር 12 ቀን ሰዎች መጥተው ዕዳውን ከከፈሉለት በኋላ ከወኅኒ ቤት አስወጡት፤ ደጅ ላይም እየጮኸ በግድ ወደ ሠረገላ አስገብተው ወሰዱት። ናያጋራ ምሽግ ድረስ መወሰዱ ታውቋል፤ ከዚያ ወዲያ ግን የገባበት ጠፋ።

ሕዝቡን ያስቆጣው የአንድ ሰው መጥፋት ብቻ አልነበረም። ነገሩን መርምረው እውነቱን ማውጣት ከሚገባቸው ሸሪፎች፣ ዳኞችና የጁሪ አባሎች ብዙዎቹ ራሳቸው የማኅበሩ ሰዎች ነበሩ። በ1827 መጀመሪያ አራት ሰዎች ለፍርድ ቀረቡ፤ የተፈረደባቸውም እስራት ከአንድ ወር እስከ ሁለት ዓመት ብቻ ነበር። የናያጋራ አውራጃ ሸሪፍ ኤሊ ብሩስ በጠለፋው ተካፍሏል ተብሎ 28 ወር ታሰረ። በነፍስ ግድያ የተፈረደበት ግን አንድም ሰው የለም። ስለዚህ ገበሬውና ነጋዴው «ሁለት መሐላ የማለ ዳኛ የትኛውን ይጠብቃል? ለሕግ የማለውን ነው ወይስ ለወንድሞቹ የማለውን?» ብሎ ጠየቀ። ይህም ጥያቄ ተገቢ ነበር። ስለ ሰይጣን ወይም ዓለምን ስለ መግዛት የሚነሣ ጥያቄ ሳይሆን ስለ ፍርድ ቤት የተነሣ ጥያቄ ነው።

ከዚህ ቁጣ ፀረ ሜሶን ፓርቲ የሚባል የፖለቲካ ፓርቲ ተወለደ። ይህ ፓርቲ በሴፕቴምበር 1831 በባልቲሞር ከተማ ጉባኤ አድርጎ ዊልያም ዊርትን ለፕሬዚዳንትነት አጨ። የአሜሪካ ፓርቲዎች እስከ ዛሬ የሚያደርጉት ብሔራዊ የዕጩ መምረጫ ጉባኤ የተጀመረው በዚህ ነው። በ1832 ምርጫ ዊርት የቬርሞንትን 7 ድምፅ ብቻ አገኘ፤ ፓርቲውም ብዙ ሳይቆይ በሌሎች ፓርቲዎች ውስጥ ሟሟ። ሆኖም በዚያ ዘመን ብዙ ሎጆች ተዘጉ፤ በሺህ የሚቆጠሩ አባሎችም ማኅበሩን ተዉ።

አሁን ደግሞ የጥርጣሬውን ሌላ መልክ እንመልከት። በባቫርያ በ1776 አዳም ቫይስሃውፕት የተባለ የኢንጎልሽታት ዩኒቨርሲቲ የሕግ መምህር «ኢሉሚናቲ» የሚባል ምሥጢራዊ ማኅበር አቋቋመ። የባቫርያ መንግሥት በ1784 እና በ1785 ባወጣው ትእዛዝ ከለከለው፤ ማኅበሩም ዐሥር ዓመት ያህል ብቻ ኖሮ ፈረሰ። ነገር ግን በ1797 ባሩኤል የተባለ ፈረንሳዊ ቄስ የፈረንሳይን አብዮት ያመጡት ኢሉሚናቲና ፍሪሜሶኖች ተማክረው ነው የሚል መጽሐፍ ማሳተም ጀመረ። የመንግሥት ዕዳ፣ የዳቦ መወደድ፣ መኳንንቱን የማይነካ ግብር፣ ይህ ሁሉ ተረሳና በአንድ ክፍል የተሰበሰቡ ጥቂት ሰዎች የሁሉ ምክንያት ሆኑ። ሆኖም የፈረንሳይ ሜሶኖች የበላይ የነበረው የኦርሌያን መስፍን ራሱ በኖቬምበር 1793 በጊዮቲን አንገቱ ተቆርጧል። ሤራውን ያቀነባበረው ማኅበር የራሱን አለቃ ማዳን እንኳ አልቻለም ማለት ነው።

ወሬ ምን ያህል እንደሚሸጥ ያሳየው ሌኦ ታክሲል የተባለው ፈረንሳዊ ጸሐፊ ነው። ታክሲል ቀድሞ የቤተ ክርስቲያን ተሳዳቢ ነበር። በ1885 ተጸጸትሁ ብሎ ወደ ካቶሊክ እምነት ተመለሰና ሜሶኖች ሰይጣንን ያመልካሉ የሚሉ መጻሕፍት በተከታታይ አወጣ። ዲያና ቮን የምትባል ከሰይጣን አምላኪዎች ያመለጠች ሴት አለች ብሎም በስሟ ጻፈ። በኤፕሪል 19 ቀን 1897 ሴቲቱን አቀርባለሁ ብሎ በፓሪስ ሰዎችን ሰበሰበ፤ ከዚያም በመድረክ ላይ ቆሞ የጻፈው ሁሉ የፈጠራ ቀልድ መሆኑን ተናገረ። ተሰብሳቢው በቁጣ ተነሣ። ይሁን እንጂ ውሸቱን የፈጠረው ሰው ራሱ ካመነ በኋላ እንኳ ውሸቱ አልሞተም፤ ዛሬም ከእርሱ መጻሕፍት የተቀዳ ነገር እንደ እውነት ሲነገር ይሰማል።

እንዲህ ያለው ወሬ የመንግሥት ሥልጣን ሲጨመርበት ደም ያፈስሳል። ሙሶሊኒ በ1925 ባወጣው ሕግ ሎጆችን ዘጋ። የሂትለር መንግሥት ሜሶኖች ከአይሁድ ጋር ዓለምን ሊገዙ ተማክረዋል እያለ ሰበከ፤ እስከ 1935 ድረስም ሎጆቹን አጠፋ። ፍራንኮ በማርች 1 ቀን 1940 ባወጣው ሕግ በስፔን ሜሶን መሆንን ራሱን ወንጀል አደረገ፤ ልዩ ፍርድ ቤትም አቆመ። በዚያው ዓመት በኦገስት የቪሺ መንግሥት በፈረንሳይ ምሥጢራዊ ማኅበሮችን ከለከለ፤ በኋላም የሹማምንቱን ስም በመንግሥት ጋዜጣ አውጥቶ ከሥራ አባረራቸው። በሌላ ወገን ደግሞ ኮሚንተርን በ1922 የፈረንሳይ ኮሚኒስቶች ከማኅበሩ እንዲወጡ አዝዟል። እንግዲህ ቀኙም ግራውም ዝግ ማኅበርን የጠላው በአንድ ምክንያት ይመስለኛል፤ ሁሉን ለማወቅ የሚፈልግ መንግሥት የማያየው ክፍል እንዲኖር አይወድም።

«ታዲያ ጥርጣሬ ሁሉ ወሬ ነው» ብለን እንዳንደመድም የጣልያኑ ታሪክ ይከለክለናል። በማርች 1981 ፖሊሶች የባንክ ባለሀብቱን የሚኬሌ ሲንዶናን ጉዳይ ሲመረምሩ በአሬጾ አጠገብ የሊቾ ጄሊን ንብረት ፈተሹ። በዚያም «ፒ 2» የሚባል ሎጅ የ962 ሰዎች ስም ዝርዝር ተገኘ። በዝርዝሩ ውስጥ ሚኒስትሮች፣ የፓርላማ አባሎች፣ ጄኔራሎች፣ የስለላ ድርጅቶች ኃላፊዎች፣ የባንክና የጋዜጣ ሰዎች ነበሩ። ዝርዝሩ በሜይ ወር ሲታተም የፎርላኒ መንግሥት ወደቀ። በ1948 የጸናው የጣልያን ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 18 ምሥጢራዊ ማኅበሮችን ይከለክላል፤ በጃንዋሪ 1982 የወጣው ሕግም ይህን አንቀጽ አብራርቶ ፒ 2ን አፈረሰ። ሕጉ ያተኮረው በሎጅነት ላይ ሳይሆን ህልውናውን ወይም አባሎቹን ሰውሮ በመንግሥት ሥራ ጣልቃ በሚገባ ማኅበር ላይ ነው።

ከዚህ በኋላ ጥያቄው ወደ ሕግ ሚዛን ወጣ። በእንግሊዝ አገር ከ1998 ጀምሮ አዲስ የሚሾሙ ዳኞች ሜሶን መሆን አለመሆናቸውን እንዲያስታውቁ ተደርጎ ነበር፤ በአባልነት ምክንያት ፍርድ መዛባቱ ስላልተረጋገጠ በ2009 ይህ ቀረ። በጣልያንም የማርኬ አውራጃ ለሕዝብ ሹመት የሚቀርብ ሰው ሜሶን አለመሆኑን እንዲያረጋግጥ በ1996 ሕግ ቢያወጣ፣ የአውሮፓ የሰብአዊ መብቶች ፍርድ ቤት በኦገስት 2001 ሕጉ የመደራጀትን ነፃነት ይጥሳል ብሎ ፈረደ። አባል በመሆኑ ብቻ ማንም ሰው ሊጎዳ አይገባም ማለት ነው።

ከዚህ ሁሉ የምናገኘው መመዘኛ እንዲህ ይመስለኛል። አንደኛ፤ ማኅበሩ መኖሩንና መሪዎቹን ይሰውራልን? ሁለተኛ፤ አባሎቹ የሕዝብ ሥልጣን የያዙ ሆነው መሐላቸው ከሹመታቸው ግዴታ ጋር ይጋጫልን? ሦስተኛ፤ ሊጠየቅበት የሚቻል የተለየ ድርጊት አለን ወይስ «ይባላል» ብቻ ነው? አራተኛ፤ አባል መውጣት ቢፈልግ ያለ ፍርሃት ይወጣልን? በባታቪያና በጣልያን ለእነዚህ ጥያቄዎች መልስ የሰጡ ድርጊቶች ነበሩ። በታክሲል መጻሕፍት ውስጥ ግን አንድም አልነበረም።

የእኛ ሰው ለማኅበር እንግዳ አይደለም። ዕድሩ፣ እቁቡ፣ የጽዋ ማኅበሩ አባል ላልሆነ ዝግ ነው፤ ነገር ግን ጎረቤት ማን አባል እንደ ሆነ ያውቃል፤ ዳኛውና ገንዘብ ያዡ በአባሎች ፊት ይጠየቃሉ። ዝግነትና ተጠያቂነት አብረው ሊኖሩ እንደሚችሉ ከዚህ የተሻለ ምስክር አያሻም።

እኛ ተማሪዎች ደግሞ ልንጠነቀቅበት የሚገባ ነገር አለ። ዛሬ አንድ ሰው በድንገት ሲበለጽግ ወይም አንድ ዘፋኝ ሲታወቅ «ኢሉሚናቲ ገብቶ ነው» ማለት ቀላል ሆኗል። ይህን የሚል ሰው ብልህ የሆነ ይመስለዋል፤ ነገር ግን በ1785 የፈረሰ ማኅበር ሲያሳድድ በፊቱ ያለውን አያይም። በፊቱ ያለው ምንድን ነው? ሎጅም መሐላም ምልክትም የሌለው፣ «የወንዝ ልጅ ነው፤ የእኛ ሰው ነው» እየተባለ ሥራ የሚሰጥበት፣ ፋይል የሚፋጠንበት ወይም የሚጠፋበት ዝምድና ነው። የሞርጋን ዳኞች የተጠየቁት ጥያቄ የሚገባው ለዚህ ነው። ከመካከላችን አንዳንዱ ነገ ዳኛ፣ ሌላው ቀጣሪ፣ ሌላው ፈታኝ ይሆናል። በዚያን ጊዜ ከሁለት አመልካቾች አንዱ የመንደራችን ልጅ ሆኖ ሲቀርብ የምንሰጠው ውሳኔ በግልጽ ቢነበብ የማያሳፍረን እንደ ሆነ ያን ጊዜ ጥርጣሬን በሚገባው ቦታ አውለነዋል።