እሱ ከሌለ ሱቁም የለም!

የዛሬው ጨዋታዬ የፍቅር ወይም የትዳር አይደለም፤ የሱቅ ነው። ሆኖም ከትዳር ብዙ አይርቅም።

መርካቶ ውስጥ የመጋረጃ ጨርቅ እሸጣለሁ። ሦስት ሠራተኞች ነበሩኝ። አንደኛው መቼም ምላሰ ቅቤ ነው፤ ዋጋ ጠይቃ ልታልፍ የገባችን ሴት የሁለት ክፍል መጋረጃ አስይዞ ይሸኛታል። እኔም «እሱ እያለልኝ ምን አስጨነቀኝ!» ብዬ ሻይ ቤት መዋል ለመድኩ። እሱ ታሞ የቀረ ዕለት ግን ሱቁ ጭር ይላል። ሁለቱ ስልካቸውን ይነካካሉ እንጂ ደንበኛ ሲገባ ቀና እንኳ አይሉም።

በሐምሌ 2016 የውጭ ምንዛሪ ዋጋ በገበያ እንዲወሰን ከተደረገ በኋላ የጨርቃችን ዋጋ ቶሎ ቶሎ ይቀያየር ጀመር። እኔ አዲሱን ዋጋ ለምላሰ ቅቤው በጆሮው እነግረዋለሁ፤ ለሌሎቹ ይንገር አይንገር አልጠይቅም። ታዲያ አንድ ቀን ልጃቸውን ሊድሩ ሽር ጉድ የሚሉ እናት መጡ። የሳሎናቸው መስኮት 3 ሜትር ነው። መጋረጃ እጥፋቱ እንዲያምር የመስኮቱን ስፋት እጥፍ ጨርቅ ይፈልጋል፤ 6 ሜትር መሆኑ ነው። ሠራተኛዬ «4 ሜትር ይበቃል» ብላ ቆረጠችላቸው። ልብስ ሰፊው እንደማይበቃ ሲነግራቸው 2 ሜትር ሊጨምሩ ተመለሱ። ምላሰ ቅቤው ደግሞ ሌላ ዋጋ ጠራላቸው። በዚያ ላይ የመጀመሪያው ጣቃ አልቋል፤ ከሌላ ጣቃ የተቆረጠው ቀለሙ አልገጥም አለ።

«አንድ በር ውስጥ ሁለት ሱቅ ነው እንዴ ያላችሁት?» አሉኝ።

ምን ልመልስ? ሠርጉ ሳምንት ቀርቶታል። ከአዲሱ ጣቃ ሙሉ 6 ሜትር ቆርጬ፣ ኪሳራውን ውጬ ሸኘኋቸው።

ከወር በኋላ ምላሰ ቅቤው እዚያው ፊት ለፊቴ የራሱን ሱቅ ከፈተ። ደንበኞቼም ተከተሉት። ልወቅሰው ፈልጌ ነበር፤ ግን ስልካቸውን የያዘው እሱ፣ ልጆቻቸውን በስም የሚያውቀው እሱ። እኔ ምን ነበረኝ? መደርደሪያ። ኪራይ መክፈል እስኪያቅተኝ ደረስኩ።

ያነቃችኝ ባለቤቴ ናት። «አንተ ሻጭ ነበረህ እንጂ ሱቅ አልነበረህም» አለችኝ። አልተቀየምኳትም ብል ውሸት ነው።

ከዚያ ወዲህ በር ከመክፈታችን በፊት 15 ደቂቃ ቡና እየጠጣን የዕለቱን ዋጋና የቀረንን ጣቃ እንነጋገራለን። ዋጋው ጣቃው ላይ ተጽፎ ይለጠፋል፤ እስከ ስንት መቀነስ እንደሚቻልም ሁላችንም እናውቃለን። መቀስ ከመነሳቱ በፊት የመስኮቱ ስፋት ተጠይቆ ደብተር ላይ ይሰፍራል፤ የደንበኛው ስልክም እንዲሁ። ደብተሩ የሱቁ ነው። ሳይገዛ የወጣ ሰው ምን ፈልጎ እንዳጣም ይጻፋል። የመጋረጃ ዘንግ መሸጥ የጀመርነው በዚህ ደብተር ነው፤ ስንት ሰው ጠይቆን በባዶ እጁ እንደመለስነው ቆጥረን ደነገጥን! ኮሚሽኑም ለሸጠው ብቻ መሆኑ ቀርቶ ከፊሉ በወሩ መጨረሻ ለሁሉም ይከፋፈላል። ድሮ እኮ ገዢ ሲገባ ይሻማሉ፤ ዕቃ ሊመልስ የመጣ ሲያዩ ግን ሁሉም ሥራ ይበዛበታል።

እውነቱን ልንገራችሁ አይደል? የከበደው የእነሱ ጠባይ ሳይሆን የኔው ነው። ልጅቷ «የመጨረሻው ይኼ ነው» ብላ ስትከራከር ከኋላ ብቅ ብዬ «ግድ የለም፣ ቀንሺላቸው» እል ነበር። ደንበኛው እኔን ይመርቃል፤ እሷ ፊቷ ይቀላል። በማግስቱ ስልኳ ላይ ብታቀረቅር ምን ይገርማል? ልማዴን ከተውኩ በኋላ አጎቴ ቅናሽ ፈልገው መጡ። «እሷን ይጠይቋት» አልኳቸው። ይኸው እስከ ዛሬ እንደተቀየሙኝ ነው።

እናንተም ሱቅ ያላችሁ፣ እስቲ የማይታወቅ ሰው ልካችሁ እያንዳንዱን ሠራተኛ ለየብቻ ዋጋ አስጠይቁ። እኔ መላክ እንኳ አላስፈለገኝም። ያቺ እናት ሁለተኛዋን ልጃቸውን ሊድሩ ሲሉ መጥተው መጀመሪያ ልጅቷን፣ ቀጥሎ አዲሱን ልጅ ጠየቁ። ዋጋውም ሜትሩም አንድ ሆነባቸው። ሳቅ አሉና «ከማዶ ካለው ልጅም ልጠይቅና እመለሳለሁ» ብለው ወጡ።

ልጅቷ መቀሱን እንደያዘች በር በሩን ስታይ ቆየች። ተመለሱ። 12 ሜትር።