ኤም ጂ ቢ፦ የተለወጠ መኪና እንዴት ይታወቃል?

ኮፈኑ ጎበጥ ያለ፣ ፓራውልቱ ክሮም የሆነ፣ ባለ ስምንት ሲሊንደር ሞተር የገባለት ክፍት ኤም ጂ ቢ ለሽያጭ ቢቀርብ ገዢ ምን ብሎ ይገዛዋል? እንዲህ ሆኖ ከፋብሪካ የወጣ ኤም ጂ ቢ የለም። ሆኖም መኪናው ማን እንደሆነና ምን እንዳለፈበት ከራሱ ላይ ማንበብ ይቻላል።

ኤም ጂ ቢ በእንግሊዝ አቢንግደን ከተማ ከ1962 እስከ 1980 እ.ኤ.አ. ተመረተ። ብዛቱ ከ500,000 በላይ ሲሆን ብዙው የተሸጠው አሜሪካ ውስጥ ነው። የዲዛይኑ መሪ ሲድ ኤኔቨር ነበር። ቀዳሚው ኤም ጂ ኤ አካሉ ለብቻው በተሠራ ሻንሲ ላይ የሚቀመጥ ነበር፤ በቢ ግን አካሉና ሻንሲው አንድ ሆኑ። ሞተሩ 1,798 ሲሲ፣ ባለ አራት ሲሊንደር ነው። በ1965 ጣሪያ ያለው ጂ ቲ ተጨመረ።

ለውጥ የበዛበት ምክንያት ግልጽ ነው። አሠራሩ ቀላል ነው፤ የአንዱ ዘመን ዕቃ ብዙ ጊዜ በሌላው ላይ ይገጥማል። ስለዚህ መርማሪ ዓይኑን በቁልፍ ተፈትቶ ከሚወጣው ላይ ያነሣና በቀላሉ ወደማይለወጠው ይሄዳል።

የመጀመሪያው ምስክር የሻንሲ ቁጥር ነው። ቁጥሩ በ"ጂ ኤች ኤን" ከጀመረ ክፍት፣ በ"ጂ ኤች ዲ" ከጀመረ ጂ ቲ ነው። ቀጥሎ ያለው 3፣ 4 ወይም 5 የትኛው ተከታታይ እንደሆነ ይናገራል፤ 4 የመጣው በ1967 መጨረሻ ከወጣው ሁለተኛው ትውልድ ጋር ነው።

ሁለተኛው ምስክር አካሉ ነው። በ1974 መጨረሻ የአሜሪካን ደንብ ለማሟላት ጥቁር ላስቲክ መሰል ፓራውልት ተገጠመ፤ መኪናውም ከፍ አለ። መልኩን ያልወደዱ ባለቤቶች ፓራውልቱን በክሮም ለወጡት። ነገር ግን ከወንበሩ ጀርባ፣ ከወለሉ ስር ተመልከቱ። የድሮዎቹ ሁለት ባለ 6 ቮልት ባትሪ ነበራቸው፤ በላስቲክ ፓራውልት ዘመን የተሠሩት አንድ ባለ 12 ቮልት ብቻ። ክሮም ለብሶ ከፍ ብሎ የቆመና የአንድ ባትሪ ቦታ ብቻ ያለው መኪና አብዛኛውን ጊዜ የኋለኛው ዘመን ነው።

ጎባጣው ኮፈን ደግሞ ከ1967 እስከ 1969 ከተሠራው ባለ ስድስት ሲሊንደር ኤም ጂ ሲ የመጣ ነው። ኮፈን በቀላሉ ስለሚለወጥ ብቻውን አያሳምንም። እውነተኛው ሲ የፊት ተሸካሚው እንደ ቢ የተጠቀለለ ሞላ ሳይሆን የሚጠመዘዝ የብረት ዘንግ ነው፤ ቸርኬውም በ14 ኢንች ፈንታ 15 ኢንች ነው።

ሦስተኛው ምስክር ሞተሩ ነው፤ ዘመኑ የሞተሩ ቁጥር ከሚጀምርበት ምልክት ይታወቃል። "18 ጂ" የመጀመሪያዎቹ ናቸው፤ "18 ጂ ቢ" ከ1964 መጨረሻ ወዲህ፣ "18 ቪ" ደግሞ ከ1970ዎቹ መጀመሪያ ወዲህ የመጡ ናቸው። ፋብሪካው ባለ ስምንት ሲሊንደሩን 3,528 ሲሲ የሮቨር ሞተር የገጠመው ከ1973 እስከ 1976 በጂ ቲ ላይ ብቻ ሲሆን 2,591 ተሠሩ። ከዚያ በፊት ኬን ኮስቴሎ የተባለ መካኒክና የእሽቅድምድም ነጂ ይህንኑ ሞተር በኤም ጂ ቢ ላይ እየገጠመ ይሸጥ ነበር። ስለዚህ ክፍት ሆኖ ባለ ስምንት ሲሊንደር የሆነ የዚያ ዘመን ቢ የግለሰብ ጋራዥ ሥራ ነው።

አንድ ማስጠንቀቂያ አለ። ከ1988 ጀምሮ አዲስ አካል በድሮው ማተሚያ እየተሠራ ይሸጣል፤ አሮጌ ቁጥር አዲስ ላሜራ ላይ ሊገኝ ይችላል። ጥርጣሬ ካለ በጌይደን የሚገኘው የብሪታንያ የሞተር ሙዚየም የፋብሪካውን መዝገብ ይዟል። በክፍያ በሚሰጠው ምስክር ወረቀት መኪናው የተሠራበት ቀን፣ የመጀመሪያው ቀለምና የሞተሩ ቁጥር ይገኛሉ።

የተለወጠ መኪና የተበላሸ መኪና አይደለም፤ የኮስቴሎ ሥራ ራሱ ዛሬ ተፈላጊ ቅርስ ነው። የሚጎዳው ለውጡን መደበቅ ነው። እንዲህ ያለ መኪና ያላችሁ የቁጥር ሰሌዳውን አትንቀሉ፤ የወጣውን ዕቃ አስቀምጡ፤ ምን፣ መቼና በማን እንደተለወጠ ጽፋችሁ ከሰነዱ ጋር ለሚቀጥለው ባለቤት አስረክቡ።