የመሬት ባለቤትነት አስተሳሰብ፦ ከአውሮፓ እስከ ወላይታ

በ19ኛው ክፍለ ዘመን የአውሮፓን ኅብረተሰብ ከለወጡት አስተሳሰቦች መካከል ሊበራሊዝምና ሶሻሊዝም ስለ መሬት ተቃራኒ መልስ ነበራቸው። ሊበራሊዝም የግል ባለቤትነትን ሲያጸና፣ ሶሻሊዝም መሬት የጋራ ሀብት እንዲሆን ጠየቀ። ሁለቱም በ20ኛው ክፍለ ዘመን በሕግ መልክ ወላይታ ደርሰዋል። የዚህ ጽሑፍ ዓላማ የአንድ አስተሳሰብ ውጤት የሚወሰነው በመርሑ ብቻ ሳይሆን፣ በታወጀበት ጊዜ መሬቱ በማን እጅ እንደ ነበረም ጭምር መሆኑን ማሳየት ነው።

በፈረንሳይ ገበሬው ለመሳፍንት ይከፍለው የነበረው ግብር እ.ኤ.አ. በ1793 ያለ ካሳ ተሻረ። የናፖሊዮን ሕግ እ.ኤ.አ. በ1804 የግል ባለቤትነትን ሲያጸና፣ ብዙ ገበሬዎች በሚያርሱት መሬት ላይ የነበራቸው መብትም አብሮ ጸና።

በወላይታ የነገሩ ቅደም ተከተል ሌላ ነበር። ንጉሥ ጦና በ1887 ዓ.ም. በዳግማዊ ምኒልክ ጦር ከተሸነፉ በኋላ፣ አገሬው ለሹማምንትና ለነፍጠኞች ገባር ሆነ። የገባርነት አገልግሎት ከጣሊያን ወረራ በኋላ ቢቀርም፣ ሰፊው መሬት በባለርስቶች እጅ ቆየ፤ ከአራሾቹም ብዙዎቹ ጭሰኞች ነበሩ። ፈረንሳዊው የሕግ ሊቅ ሬኔ ዳቪድ ያረቀቁት የ1952 ዓ.ም. የፍትሐ ብሔር ሕግ የግል ባለቤትነትን ሲደነግግ፣ በፈረንሳይ ገበሬውን የጠቀመው መርሕ በዚህ የባለርስቱን ይዞታ አጸና። ጭሰኛው ምርቱን እኩል ወይም ሲሶ እያካፈለ የሚያርስ ተዋዋይ ሆኖ ቀረ።

በየካቲት 1957 ዓ.ም. የዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች «መሬት ለአራሹ» ብለው አደባባይ ወጡ። መፈክሩ ለሁለቱም አስተሳሰቦች ክፍት ነበር፤ አራሹ የግል ባለቤት ይሁን ተብሎም ሊተረጎም ይችላል። ደርግ የመረጠው ግን ሁለተኛውን ትርጉም ነው። ማርክስና ኤንግልስ እ.ኤ.አ. በ1848 ባወጡት የኮሚኒስት ማኒፌስቶ ከዘረዘሯቸው አሥር እርምጃዎች የመጀመሪያው የመሬት የግል ባለቤትነትን መሻር ነበር። የካቲት 25 ቀን 1967 ዓ.ም. የወጣው አዋጅም የገጠር መሬትን የሕዝብ ሀብት አደረገ፤ ጭሰኝነትን አስቀረ፤ የአንድ ቤተሰብን ይዞታ ከ10 ሄክታር እንዳይበልጥ ወሰነ፤ መሬት መሸጥን፣ ማስያዝንና ማከራየትን ከለከለ። የወላይታ ጭሰኛ ከባለርስቱ ነጻ ወጣ። ይሁን እንጂ ባለመብት እንጂ ባለቤት አልሆነም፤ ከጥቂት ዓመታት በኋላም በመንግሥት በተቆረጠ ዋጋ የእህል ኮታ የማስረከብ ግዴታ በአገሪቱ ገበሬዎች ላይ ተጣለ።

የ1987 ዓ.ም. ሕገ መንግሥት አንቀጽ 40 መሬትን የመንግሥትና የሕዝብ አድርጎ፣ ገበሬው በነጻ የማግኘትና ያለመነቀል መብት እንዳለው ደንግጓል። ወላይታ ግን በአገሪቱ ሕዝብ እጅግ ተጠጋግቶ ከሚኖርባቸው አካባቢዎች አንዷ ናት። ለልጆቹ ከእንሰት ጓሮው የሚቆርሰው ያጣ አባት ባለበት ቀበሌ፣ በነጻ የማግኘት መብት በሕግ አለ፤ የሚታደል መሬት ግን የለም። ሁለቱም አስተሳሰቦች «መሬቱ የማን ነው?» ለሚለው ጥያቄ መልስ ሰጥተዋል። ዛሬ የወላይታ ወጣት የሚጠይቀው ግን «የሚበቃ መሬት የታለ?» ብሎ ነው፤ ለዚህ ጥያቄ የባለቤትነት አዋጅ ብቻውን መልስ አይሆንም።