የበረሃዋን ከተማ በፎቶግራፍ ስለ ማቆየት

ከተማችን ድሬዳዋ «የበረሃዋ ንግሥት» እየተባለች ትጠራለች። እርግጥ ነው፣ እንደ ሰሐራ ያለ የአሸዋ ባሕር የከበባት ከተማ አይደለችም፤ ከሐረር ደጋ ግርጌ፣ ከባሕር ጠለል በላይ 1,200 ሜትር ያህል ከፍታ ባለው ሜዳ ላይ የተቆረቆረች የቆላ ከተማ ናት። ይሁን እንጂ ፀሐይዋ፣ አሸዋዋ፣ እሾኻማ ግራሯና አብዛኛውን ዓመት ደረቅ ሆኖ የሚከርመው ወንዟ ለስሟ ምስክሮች ናቸው። እንግዳ ወደዚህች ከተማ በመጣ ጊዜ ካሜራውን አውጥቶ ገበያውን፣ ግመሉንና የድሮውን ባቡር ጣቢያ ፎቶግራፍ ያነሣል። እኛ ልጆቿ ግን በየኪሳችን ካሜራ ያለው ስልክ ይዘን ብዙውን ጊዜ የምናነሣው ራሳችንን ብቻ ነው። «በእጅ ያለ ወርቅ እንደ መዳብ ይቆጠራል» የሚለው ተረት በእኛ ላይ የተነገረ ይመስላል።

የዚህ ጽሑፍ ዓላማ፣ በከተማችንና በአካባቢዋ በየዕለቱ የምናየውን ነገር፣ የጥንት ሰዎች የሣሉትን ሥዕልና የዱር አራዊቱን እንዴት ፎቶግራፍ ማንሣት እንደሚገባ በአጭሩ ለመግለጽ ነው። በጽሑፉ የተጠቀሱት ዓመታት ሁሉ በኢትዮጵያ አቈጣጠር ናቸው።

ተራ የሚመስለው ነገር ስለ ምን ይነሣል?

ፈረንሳዊው ባለቅኔ አርተር ራምቦ በሐረር ነጋዴ ሆኖ በነበረበት ዘመን፣ በ1875 ዓ.ም.፣ ከአገሩ ካሜራ አስመጥቶ ፎቶግራፍ አንሥቶ ነበር። ፎቶግራፎቹን የሚያጥብበት ውኃ መጥፎ በመሆኑ ሥዕሎቹ እየነጡ እንዳስቸገሩት ለቤተ ሰቡ በላከው ደብዳቤ ገልጿል። ከተረፉት ጥቂት ፎቶግራፎች መካከል በገበያ ቦታ ተቀምጦ የሚሠራ የከረጢት ሠሪ ይገኝበታል። በዚያ ዘመን ለነበረ የሐረር ሰው ከረጢት ሠሪን ማየት ምንም አያስደንቅም ነበር፤ ዛሬ ግን የዚያን ሰው አቀማመጥና አለባበስ የምናይበት መስኮት ያ የደበዘዘ ፎቶግራፍ ነው።

ሁለተኛው ምሳሌ ከወደ ሰሜን ነው። በ1860 ዓ.ም. የእንግሊዝ ጦር በዐፄ ቴዎድሮስ ላይ ሲዘምት አብረው የመጡ ወታደሮች የትግራይን ተራሮችና ሸለቆዎች ፎቶግራፍ አንሥተው ነበር። ከ140 ዓመት በኋላ ተመራማሪዎች እነዚያኑ ቦታዎች ፈልገው፣ በዚያው ስፍራ ቆመው እንደ ገና አነሡአቸው። ሁለቱን ፎቶግራፎች ባስተያዩአቸው ጊዜ፣ ብዙ ሰው «ዱሩ ከዓመት ወደ ዓመት እየጠፋ ሄደ» ብሎ ያምን ከነበረው በተቃራኒ፣ በብዙዎቹ ቦታዎች ላይ ከቀድሞው ይልቅ የዛሬው ዛፍ በዝቶ ተገኘ። እነዚያ ወታደሮች ለሳይንስ ብለው አላነሡም፤ ፎቶግራፋቸው ግን የብዙ ሰው ግምት ያልመለሰውን ጥያቄ መለሰ።

ወደ ራሳችን ከተማ ስንመለስም ነገሩ እንዲሁ ነው። ድሬዳዋ የተቆረቆረችው በ1895 ዓ.ም. ከጅቡቲ የተነሣው የምድር ባቡር የሐረርን ተራራ መውጣት አስቸግሮት ከዚህ ሜዳ ላይ በደረሰ ጊዜ ነው። ዛሬ በ2009 ዓ.ም. የተመረቀው የኤሌክትሪክ ባቡር ጣቢያው ከከተማው ውጭ ነው። አያቶቻችን በባቡሩ ፉጨት ሰዓት ይለዩ ነበር ይባላል፤ ታናናሾቻችን ግን ያን ፉጨት አያውቁትም።

ከዚህ ሁሉ የሚከብደው የደቻቱ ነገር ነው። ሐምሌ 30 ቀን 1998 ዓ.ም. ለሊት፣ በደጋው የዘነበው ዝናብ በዚህ ደረቅ አሸዋ ላይ ጎርፍ ሆኖ ወርዶ ከ250 የሚበልጡ ሰዎችን ሕይወት አጠፋ፤ ብዙ ቤትም ጠረገ። እኔ ከጎርፉ በኋላ የተወለድሁ ነኝ። ወላጆቼ ይኖሩበት የነበረው የወንዝ ዳር ሠፈር ከዚያ በፊት ምን ይመስል እንደ ነበረ የሚያሳይ አንድም ፎቶግራፍ በቤታችን የለም። እናቴ በሩ በየት በኩል እንደ ነበረ፣ የትኛው ዛፍ ጥላ ይሰጣቸው እንደ ነበረ በእጇ እያመለከተች ትነግረኛለች፤ እኔም በሐሳቤ ለመሣል እሞክራለሁ። ተራ የሚመስለውን ነገር ማንሣት ስለ ምን እንደሚያስፈልግ ከዚህ የበለጠ ማስረጃ አላገኘሁም።

ስለ ብርሃን

ካሜራ ማለት በአንድ ቀዳዳ ብርሃን የሚገባበት ጨለማ ሣጥን ነው። ቀዳዳው ሲሰፋ ወይም ለረዥም ጊዜ ክፍት ሲሆን ብዙ ብርሃን ይገባል፤ ሲጠብና ቶሎ ሲዘጋ ጥቂት ይገባል። በስልክም ቢሆን ሥራው ይኸው ነው። ስለዚህ ፎቶግራፍ አንሺ አስቀድሞ ሊያውቀው የሚገባው ስለ መሣሪያው ውድነት ሳይሆን ስለ ፀሐይ ነው።

ድሬዳዋ ከምድር ወገብ በስተ ሰሜን 9 ዲግሪ ተኩል ያህል ርቃ ስለምትገኝ ፀሐይ በዓመት ሁለት ጊዜ፣ ይኸውም በሚያዝያ መጀመሪያና በነሐሴ መጨረሻ ገደማ፣ በቀትር ልክ ከራሳችን በላይ ትሆናለች። በሌላውም ወራት ቢሆን ከቀኑ 6 ሰዓት ላይ የተነሣ ሰው ዓይኑ በቅንድቡ ጥላ ተሸፍኖ ጥቁር ጉድጓድ መስሎ ይታያል። መልካሙ ጊዜ ፀሐይ ከወጣች ጀምሮ እስከ 2 ሰዓት ተኩል፣ እንዲሁም ከ10 ሰዓት እስከ ፀሐይ መጥለቂያ ነው። በዚህ ጊዜ ብርሃኑ ከጎን ስለሚመጣ የግድግዳውን ልስን፣ የአሸዋውን ሞገድና የሽማግሌውን የፊት መሥመር አጉልቶ ያሳያል።

ሌላም መታወቅ ያለበት ነገር አለ። ካሜራ በመሠረቱ የሚያየውን ሁሉ መካከለኛ ግራጫ አድርጎ ይገምታል። ስለዚህ በኖራ የነጣ ግድግዳ አጠገብ የቆመ ሰው በተነሣ ጊዜ፣ ካሜራው የግድግዳውን ንጣት ለመቀነስ ሲል የሰውየውን ፊት ያጠቁረዋል። መፍትሔው ብርሃኑን ከግድግዳው ላይ ሳይሆን ከፊቱ ላይ መለካት ነው፤ በስልክ ሲሆን በመስተዋቱ ላይ የሚታየውን ፊት በጣት መንካት ይበቃል። ግድግዳው ትንሽ ቢነጣ ምንም አይደለም፤ የምንፈልገው ሰውየውን ነውና።

ሙቀትም የራሱ ችግር አለው። ከጋለ መሬት የሚነሣው አየር ብርሃኑን ስለሚያጣምመው በሩቅ ያለ ነገር ሁሉ በውኃ ውስጥ እንዳለ ሆኖ ይርገበገባል። ይህን የትኛውም ሌንስ አያቃናውም፤ በማለዳ መሄድ ወይም መቅረብ ብቻ ነው። አሸዋ የነካውን ሌንስ በጨርቅ መጥረግም መስተዋቱን ይፍቀዋልና አስቀድሞ አሸዋውን በለስላሳ ብሩሽ ማራገፍ ይገባል።

ስለ ገበያና ስለ ሰው

ለጀማሪ ከቀፊራ ገበያ የተሻለ ትምህርት ቤት የለም። እንደ ፈረስ ኮቴ የታጠፉት ቅስቶቹ ከውጭ ያለውን ኃይለኛ ብርሃን ስለሚከለክሉ ከሥራቸው ለስላሳ ጥላ ይገኛል። ከየገጠሩ የመጡት የኦሮሞና የሶማሌ ሴቶች ያማረ ልብስ፣ ቅመሙ፣ ወተቱና የማገዶው ጭነት በአንድ ስፍራ ይታያሉ።

ነገር ግን ሰው እንደ ግድግዳ አይደለም። ሳይጠይቁ ማንሣት የሰውን ክብር መድፈር ነው። እኔ የምከተለው ሥርዓት እንዲህ ነው፦ በመጀመሪያ ካሜራውን ሳላወጣ ሰላምታ አቀርባለሁ፤ ቀጥሎ ለምን ማንሣት እንደ ፈለግሁ እነግራለሁ፤ እሺ ካሉኝ አንሥቼ አሳያለሁ፤ እምቢ ካሉኝ አመስግኜ እሄዳለሁ። አንዲት ወተት ሻጭ እናት ፊታቸው እንዳይነሣ ከለከሉኝና ወተቱን ሲሰፍሩ እጃቸውን ብቻ እንዳነሣ ፈቀዱልኝ። ከገበያው ፎቶግራፎቼ ሁሉ ያን የመሰለ የለኝም።

ስለ ጥንት ሥዕል

የድሬዳዋ አካባቢ ሰው ከጥንት ጀምሮ ቀለም የያዘበት ምድር ነው። ከደቻቱ ሸለቆ በላይ ባለው ገደል ላይ ፈረንሳዮች ፖርክ ኤፒክ፣ ማለት ጃርት፣ ብለው የሰየሙት ዋሻ አለ። በ1920ዎቹ መቆፈር ከተጀመረ ወዲህ ከዚህ ዋሻ ከ4,000 የሚበልጡ የቀይና የቢጫ ቀለም ድንጋዮች ተገኝተዋል፤ ዕድሜያቸውም 40,000 ዓመት ያህል ነው። ከእነርሱ አንዳንዶቹ ተፈጭተው ዱቄት የወጣባቸው መሆኑ ታውቋል።

ከከተማው በስተ ደቡብ ምዕራብ ባለው በለገ ኦዳ ደግሞ እጅግ ብዙ ሥዕል በዐለት ላይ ተሥሎ ይገኛል። ሰዎች፣ የዱር አራዊትና ይልቁንም ከብቶች ይታያሉ። ልብ ብሎ ለተመለከተ እነዚያ ከብቶች ሻኛ የላቸውም፤ ዛሬ በዚያው አካባቢ የሚሰማሩት ከብቶች ግን ባለ ሻኛ ናቸው። ሠዓሊው በየዕለቱ ያይ የነበረውን የራሱን መንጋ ሣለ፤ እኛም ከሺህ ዓመታት በኋላ የከብቱ ዘር እንደ ተለወጠ ከእርሱ ተማርን።

ይህን ሥዕል ፎቶግራፍ የሚያነሣ ሰው በእጁ አይንካው፤ መሥመሩን በጠመኔ አይቅለመው፤ ቀለሙ እንዲጎላ ብሎ ውኃ አይርጭበት፤ ውኃው ጨውን ከዐለቱ እየሳበ ቀለሙን ያበላሸዋልና። ፍላሽም ከፊት ለፊት ሲበራ ዐለቱን ያብለጨልጨዋል እንጂ ሥዕሉን አያሳይም። ጥላ ባለበት ሰዓት ካሜራውን ድንጋይ ላይ አስደግፎ ቀስ ብሎ ማንሣት ይሻላል። ዲስትሬች የሚባል የኮምፒዩተር ዘዴ ከተለመደው ፎቶግራፍ ላይ ለዓይን የማይታየውን የደበዘዘ ቀለም አጉልቶ ስለሚያወጣ ውኃ የመርጨት ምክንያት ፈጽሞ የለም።

ስለ አራዊት

አራዊትን ለማንሣት ከመሣሪያ ይልቅ ጠባያቸውን ማወቅ ይጠቅማል። ሽኮኮ የሰውነቱን ሙቀት በራሱ ጠብቆ ማቆየት ስለሚያስቸግረው በማለዳ ወጥቶ በዐለት ላይ ፀሐይ ይሞቃል፤ ስለዚህ በ1 ሰዓት የሄደ ሰው ሳይደክም ያገኘዋል። እንሹ ከቁጥቋጦ መካከል ብዙ ጊዜ ጥንድ ሆና ትኖራለች፤ ውኃም ከምትበላው ቅጠል ስለምታገኝ በምንጭ ዳር መጠበቅ አያስፈልግም። በአንድ ስፍራ የምትኖር ስለ ሆነች ዛሬ ያመለጠች እንሹ ነገ በዚያው አካባቢ ትገኛለች።

ከሁሉ የሚያስደንቀው ሐማድሪያስ የሚባለው ዝንጀሮ ነው፤ ወንዱ እንደ ካባ የተንዠረገገ የብር መልክ ያለው ጠጉር አለው። በ1953 ዓ.ም. የስዊስ ተወላጅ የሆነው ሐንስ ኩመር ከድሬዳዋ በስተ ምዕራብ በኤረር አካባቢ ተቀምጦ እነዚህን ዝንጀሮዎች አጥንቷል። አንድ ወንድ ጥቂት ሴቶችን ይዞ እንደ ቤተ ሰብ እንደሚኖር፣ ቀን ተበታትነው የዋሉ ብዙ ቤተ ሰቦችም ማታ በአንድ ገደል ላይ ተሰብስበው እንደሚያድሩ በጽሑፍ አስታውቋል። እንግዲህ ከሰዓት በኋላ በ11 ሰዓት ገደማ ከገደሉ ራቅ ብሎ ዝም ብሎ የተቀመጠ ሰው ሲመለሱ ያገኛቸዋል። ለማቅረብ ብሎ ምግብ መወርወር ግን አይገባም፤ ከሰው እጅ መብላት የለመደ ዝንጀሮ ኋላ የገበሬውን ማሳ ይደፍራል፤ ፍጻሜውም በድንጋይና በጥይት ይሆናል።

ስለ መዝገብ

ስም የሌለው ፎቶግራፍ ወላጅ እንደ ሌለው ልጅ ነው። ስለዚህ በእያንዳንዱ ላይ አራት ነገር መጻፍ ያስፈልጋል፦ ምን እንደ ሆነ፣ የት እንደ ተነሣ፣ በስንት ቀን እንደ ተነሣና ማን እንዳነሣው። በስልክ ብቻ የተቀመጠ ፎቶግራፍ ስልኩ በጠፋ ቀን አብሮ ይጠፋልና የተመረጠውን አትሞ ማኖር ይገባል።

ለትምህርት ቤታችን የማቀርበው ሐሳብ ቀላል ነው። አሥር ቦታዎች እንምረጥ፤ የደቻቱን ድልድይ፣ የቀፊራን በር፣ የከዚራን የዛፍ ጥላ መንገድ፣ የድሮውን ጣቢያና የትምህርት ቤታችንን ግቢ የመሳሰሉትን። በየዓመቱ በጥር ወር፣ በአንድ ሰዓት፣ ከአንድ ስፍራ ቆመን እናንሣቸው፤ አትመንም በቤተ መጻሕፍቱ መዝገብ ውስጥ እናኑር። መምህሮቻችን መዝገቡን እንዲጠብቁልን፣ ወላጆቻችንም በየሣጥኑ ያለውን የቆየ ፎቶግራፍ አውጥተው የሰዎቹን ስም ከበስተ ጀርባው በእርሳስ እንዲጽፉልን በትሕትና እለምናለሁ። ስሙን የሚያውቁት ሰዎች በሕይወት ሳሉ ይጻፍ፤ ከእነርሱ በኋላ የምንጠይቀው የለምና። እናንተም የክፍል ጓደኞቼ፣ ዛሬ ከትምህርት ቤት ስትወጡ ከመንገዱ ላይ ሁልጊዜ የምታልፉትን አንድ ነገር ቆም ብላችሁ ተመልከቱና አንሡት።